«እንደ ሰው ዊንዶውስ ጫን» ለምትሉኝ

የምሠራው ጎንደር ማራኪ አካባቢ፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ኦቲዝም አለብኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም ማለት ነው። ስለ ሁለቱም ሰው የማይለው የለም፤ ስሰማው የከረምኩትን ዛሬ ልመልስ።

«ኦቲዝም የልጆች ነው፤ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።» አይተውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ኦቲዝሙም አብሯቸው አለ።

«እንግዲያው የኮምፒውተር ሊቅ ነሃ!» አይደለሁም። ፕሮግራም አልጽፍም፤ ተጠቃሚ ነኝ።

«በነጻ ከሆነ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተሰበረ ኮፒ) ነው።» ኧረ ተዉ! ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲቀይረውና ለሌላ እንዲሰጠው ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል።

«ቫይረስ አይነካውም።» ተማሪዎች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት፣ ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እኔ ጋ አይነሳም። ሊኑክስን የሚያጠቃ ግን አለ። አፕዴት አድርጉ።

«አማርኛ አይጽፍም።» ይጽፋል። አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር ጫኑ። ሰነዳችሁ በኒያላ ፊደል ከተጻፈ ግን፣ ፊደሉ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሊኑክስ በሌላ ይተካውና ገጹ ሊዛባ ይችላል። ለማተም ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አምጡልኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ «ስክሪኑን ሲነካካ ነው የሚውለው።»

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ቤቱ ይሞላል። ኮፒ ማሽኑ ይንጫጫል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ደጃፍ ላይ ያጓራል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «የኔን ቶሎ» ይላል። ሌላው ሰው ይህን ሳያስበው ያልፈዋል፤ እኔ ሁሉንም እኩል እሰማለሁ። በዚያ ላይ ስክሪኑ ጥግ ላይ መልእክት ብቅ ካለ የማስተካክለው አንቀጽ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ኖቲፊኬሽን አጥፍቻለሁ። አኒሜሽንም አጥፍቻለሁ። ከርሰሩ ብልጭ ድርግም አይልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዎልፔፐሩ ግራጫ ነው። የምትሉት መነካካት ይኸው ነው፤ ሥራዬን የምሠራውም በእሱ ነው።

ዊንዶውስ ላይም አብዛኛው ይቻላል። ልዩነቱ ነገሩ ሲቀየር ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጊኖም የተባለው የሊኑክስ ገጽታ ሦስተኛው እትም ወጣ፤ ሜኑውም የመስኮቶቹ ዝርዝርም ከቦታቸው ተነሱ። ብዙ ሰው ከፋው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ አሮጌውን የወደዱት ወስደው ማቴ በሚል ስም ቀጠሉት። እኔም የምጠቀመው ማቴን ነው። ሜኑው ከላይ በግራ በኩል ነው፤ እጄ ሳላይ ያገኘዋል። ለእናንተ ትንሽ መደናበር የሆነው ለውጥ እኔን ቀኑን ሙሉ ከሥራ ያስወጣኛል።

አንዴ ምሳ በልቼ ስመለስ ባልደረባዬ «ላሳምርልህ ብዬ ነው» አለኝ። ባሩን ወደ ታች አውርዶ፣ አይከኖቹን በፊደል ተራ ደርድሮ፣ የፋሲል ግንብን ፎቶ ዎልፔፐር አድርጎታል። ግንቡን እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልጨረስኩም። በፍቅር መደረጉ ጉዳቱን አልቀነሰውም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ኮምፒውተሩን እሱ በሌለበት አትንኩበት። መቀየር ያለበት ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፣ አብራችሁ ቀይሩት። ከጀርባው ቆማችሁ «ያቺን ተጫን፣ አይ እሷን አይደለም» አትበሉት፤ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፉለት።

ሊኑክስን መሞከር የሚፈልግ ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ከፍላሽ አስነስቶ ማየት ይችላል። ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን እዚያው ይፈትሽ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱን ከመረጠ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን እትም ይጫን፤ በየስድስት ወሩ የሚወጣው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይመችም።