የጭነት መስመር ምንድን ነው?

ጀልባ ስንት ሰው ይይዛል ሲባል ብዙው ሰው የሚቆጥረው ወንበር ነው። ውኃው ግን ወንበር አይቆጥርም። ዋናው ነገር ከውኃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጎን እንደቀረ ነው። ባለሙያዎች ይህን ደረቅ ጎን ፍሪቦርድ ይሉታል። የጭነት መስመር ደግሞ ፍሪቦርዱ ከዚህ በታች አይውረድ ተብሎ በግራና በቀኝ ጎን ላይ የሚደረግ ቋሚ ምልክት ነው። ውኃው መስመሩ ላይ ከደረሰ አንድ ጆንያም አይጨመርም።

ምልክቱ ከባሕር የመጣ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ከልክ በላይ እየተጫኑ በሚሰምጡ መርከቦች ጉዳይ ሲሟገት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕግ ወጣ። ይሁንና መስመሩ የት ላይ ይሁን የሚለው እስከ 1890 ድረስ ለባለ መርከቡ የተተወ ነበር። ባለቤቱ እንዳሻው የሚያሰምረው መስመር ከጌጥ አያልፍም፤ ዛሬም ቢሆን ጎኑ ላይ ቀለም ያለው ጀልባ ሲታይ መጠየቅ ያለበት ማን ለክቶ እንዳሰመረው ነው። አሁን ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ፣ 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1966ቱ ዓለም አቀፍ የጭነት መስመር ስምምነት ይገዛሉ። ምልክታቸው 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ሲሆን፣ መሐሉን የሚያቋርጠው መስመር 450 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከጎኑ እንደ መሰላል የተደረደሩት አጫጭር መስመሮች እንደ ወቅቱና እንደ ውኃው ዓይነት ልኩን ይለያሉ።

የውኃው ዓይነት እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ 1,025 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን የጣና ውኃ 1,000 ገደማ ነው። ባሕር ላይ 2 ሜትር ገብቶ የሚንሳፈፍ መርከብ ያንኑ ጭነት ይዞ ጣና ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጥ ይገባል። ለባሕር በተሰመረ ምልክት ሐይቅ ላይ መጫን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ስምምነቱ ከባሕር ዳር ዘጌ ወይም ደቅ የሚመላለሱትን ጀልባዎች አይመለከትም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። 12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ እንውሰድ። ፊቱ ስለሚሾል ውኃው ላይ የሚያርፈው ስፋት 27 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። ይህ ጀልባ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲገባ 270 ኪሎ ይበቃዋል። 65 ኪሎ የሚመዝኑ 20 ሰዎች 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስገቡታል፤ 20 ኩንታል እህል ሲጨመር ሌላ 7 ተኩል። በድምሩ 12 ተኩል ነውና ብዙ አይመስልም።

ጉዳዩ ያለው ማዘንበሉ ላይ ነው። ዓባይ መውጫው አጠገብ ጉማሬ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይነሣል። ጀልባው 10 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል በዚያ ጎን ያለው ጠርዝ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሰውና እህሉ ተደምረው ከወሰዱት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ፍሪቦርድ የሚቀመጠው ለዚህች ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ለሚመጣው ማዕበል፣ እንዲሁም እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ ሲቆምና ጀልባው ጎኑን ለማዕበል ሲሰጥ ነው።

ልኩን ለማውጣት ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት ጀልባው ባዶውን ይለካል፤ ሞተሩ፣ ነዳጁና የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ግን ቦታቸው ላይ ይሁኑ፣ ወለሉ ሥር የተጠራቀመው ውኃም ተቀድቶ ይውጣ። ከዚያ የተመዘነ ጆንያ አምስት አምስት ኩንታል እየተባለ እኩል ይደረደርና በየጊዜው የገባው መጠን በግራም በቀኝም ይመዘገባል። ጭነቱ ሲሞላ የተሳፋሪውን ክብደት የሚተካው ጆንያ ወደ አንድ ጎን ይዛወርና የቀረው ደረቅ ጎን እንደገና ይለካል። የሚለካው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ሞተሩ ከውጭ በሚሰቀል ጀልባ ዝቅተኛው ቦታ ሞተሩ እንዲሰቀልበት ኋላው ላይ የተቆረጠው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ከፍ ብሎ ሳለ ውኃ ከኋላ ይገባል። ጀልባውን የሚመረምረው ባለሙያ ልኩን ከወሰነ በኋላ መስመሩ በብየዳ ወይም በመብሻ ይቀረጽ። ቀለም ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ዕድሳት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ይገኛል።

መስመሩ የማይናገረውም አለ። ጣሪያ ላይ የተጫነ አምስት ኩንታልና ወለል ላይ ያለ አምስት ኩንታል መስመሩ ላይ እኩል ይነበባሉ፤ ጣሪያ ላይ ያለው ግን ጀልባውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። ወለሉ ሥር 10 ካሬ ሜትር ላይ የተኛ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ደግሞ ግማሽ ቶን ነው፤ ጀልባው ባዘነበለበት ጎን ሁሉ እየተከተለ ይሄዳል። ለደንገል ታንኳ የተሰመረ መስመር ብዙም አይጠቅምም። ታንኳ የሚንሳፈፈው በራሱ በደንገሉ ቀላልነት ስለሆነ፣ ውኃ በጠጣ ቁጥር ባዶውንም እየወረደ ይሄዳል፤ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ወደብ ላይ መስመሩ የሚነበበው ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ገመዱ ይላላ፤ የተወጠረ ገመድ አንዱን ጎን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ ጭነቱ እስኪስተካከል ጀልባው አይነሣም። በተለይ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ሐይቁ ሲጎድል ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የጀልባው ሆድ ጭቃው ላይ ካረፈ ጭነት ቢጨመርም መስመሩ ከውኃው በላይ ሆኖ ይታያል። ጀልባውን በእንጨት ገፋ አድርጎ በነፃ ሲንሳፈፍ እንደገና ማየት ይገባል።