ሞንሱን ምንድን ነው? በአንድ አገር ውስጥስ ለምን ይለያያል?

ሞንሱን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ዶፍ ዝናብ ነው። ዝናቡን የሚያመጣው ግን እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይር ነፋስ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የህንድ ምድር ከባሕሩ ይበልጥ ሲግል አየሩ ይሳሳል፤ ከደቡብ የሚነሣው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች ጥግ ታጥፎ፣ ከዓረብ ባሕር እርጥበት ይዞ ይገባል።

መጀመሪያ የሚደርሰው በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለችው ኬረላ ክልል ነው፣ ግንቦት 24 ገደማ። አንድ ቀን ስለዘነበ ብቻ ግን «ገባ» አይባልም። ከ14 የተመረጡ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች 60 በመቶው ለሁለት ተከታታይ ቀናት 2.5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መመዝገብ አለባቸው፤ የነፋሱና የደመናው ሁኔታም ይታያል። አገሩን በሙሉ የሚሸፍነው ሐምሌ 1 አካባቢ ነው።

ለክረምቱ አራት ወራት የሚጠቀሰው አገራዊ አማካይ 870 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ገበሬ ግን ብዙም አይጠቅመውም። ነፋሱ ከምዕራብ ጋትስ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን ያራግፋል። በዚህ ምክንያት በባሕሩ ዳርቻ ያለችው ሙምባይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስታገኝ፣ ከተራራው ጀርባ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ፑኔ 700 ገደማ ነው የሚደርሳት። በሰሜን ምዕራቧ ራጃስታን ክልል ደግሞ የአራቫሊ ተራሮች ከነፋሱ ጋር ጎን ለጎን ስለተዘረጉ አይገቱትም፤ ጃይሳልመር 200 እንኳ አይሞላላትም። ሰሜን ምሥራቅ ያለችው ማውሲንራም ከ11,000 ታልፋለች።

ወቅቱ ከገባ በኋላም ዝናቡ ይቋረጣል። ዝናብ የሚሰበስበው የዝቅተኛ ግፊት መስመር ወደ ሂማላያ ግርጌ ሲሸሽ መካከለኛው ህንድ ለሳምንትና ከዚያ በላይ ይደርቃል፣ ግርጌው በጎርፍ ይጥለቀለቃል። በቂ እርጥበት ሳይጠራቀም የዘራ ሰው ቡቃያው የሚቃጠልበት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ያለችው ቼናይ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናት። በክረምቱ ከተራራ ጀርባ ስለምትቀር ዋና ዝናቧን የምታገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲመጣ ነው። ኤል ኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ የክረምቱን ዝናብ ሲያዳክም ይህንን የሰሜን ምሥራቅ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ያበረታዋል። እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኢትዮጵያም በኤል ኒኞ ክረምቷ በተዛባበት ዓመት፣ የህንድ የክረምት ዝናብ ከአማካዩ 14 በመቶ ጎደለ፤ ቼናይ ግን በኖቬምበር ብቻ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ወርዶባት በጎርፍ ተጥለቀለቀች።