የብሪታንያ ፊልሞች የዕድሜ ገደብ

ለንደን ሲኒማ ቤት ገብተው ከተቀመጡ፣ ፊልሙ ሊጀምር ሲል ጥቁር ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። የፊልሙ ስም፣ የዕድሜ ገደቡና የገደቡ ምክንያት ተጽፎበታል። ፖፕኮርኑን የሚያመቻች ሰው ልብ አይለውም። ሰሌዳው የብሪታንያ የፊልም ምደባ ቦርድ ነው። ቦርዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል፤ አይደለም። በ1912 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) የፊልም ነጋዴዎች ራሳቸው አቋቋሙት። ዛሬም የሚተዳደረው ፊልም የሚያስመረምሩት እንደ ፊልሙ ርዝመት በሚከፍሉት ነው።

ነገሩ የመጣው ከእሳት ነው። የዚያን ጊዜ የፊልም ጥቅል ናይትሬት ስለነበር እንደ ክብሪት ይያያዛል። ስለዚህ የ1909ኙ ሕግ ለሲኒማ ቤቶች ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ለካውንስሎች፣ ማለትም ለአካባቢ አስተዳደሮች፣ ሰጠ። እነሱ ግን በእሳቱ መቼ አበቁ? ምን እንደሚታይም መወሰን ጀመሩ፤ ፍርድ ቤትም አጸናላቸው። አንዱ ከተማ የፈቀደውን ሌላው ሲከለክል ነጋዴው ግራ ገባው። አንድ የሚያስማማ ዳኛ ሲፈለግ ቦርዱ ተወለደ። በ1913 ሥራ ሲጀምር ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር፦ እርቃን አይታይም፣ ክርስቶስን መስሎ የሚጫወት አይታይም። በ1916 የቦርዱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቲ. ፒ. ኦኮነር ግን መከልከያዎቹን 43 አደረሷቸው።

ከዚያ በ1932 ለአስፈሪ ፊልም ‹ኤች›፣ በ1951 ለአዋቂ ብቻ የሚሆነው ‹ኤክስ› መጡ። ‹ፒጂ› (ልጅ ያየዋል፣ ወላጅ ግን ያስብበት የሚባለው)፣ ‹15› እና ‹18› (ዕድሜው ያልሞላ የማይገባባቸው) የ1982 ናቸው። በ1984 ቦርዱ ‹ሳንሱር› የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ጣለ፤ ደግ አደረገ።

ትልቁ ግርግር የ2002ቱ ነው። ስፓይደርማን ‹12› ተሰጠው። የ11 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ቢመጣም በር ላይ ይመለሳል ማለት ነው። ወላጅ ተንጫጫ። አንዳንድ ካውንስሎች ያንን የድሮ ሥልጣናቸውን መዘው ልጆቹን አስገቡ። በነሐሴ ‹12ኤ› መጣ፦ ከ12 በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ይገባል። ቦርዱ ተገድዶ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡን ግን ቀደም ብሎ ኖርዊች በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ሞክሮት ነበር።

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ የሚሳሳተው ‹15› ላይ ነው። እዚያ ‹አር› የተባለውን ፊልም ልጅ ከወላጁ ጋር ያያል። እዚህ 14 ዓመት ከሆነው እናቱ እጁን ይዛው ብትመጣም አይገባም።

የ1964ቱ ሜሪ ፖፒንስ ለ60 ዓመት ያህል ‹ዩ› ነበር፤ ለሁሉም የሚሆን። በ2024 እንደገና ሲኒማ ቤት ሊታይ ሲል ወደ ‹ፒጂ› ከፍ አለ። ምክንያቱ ‹ሆተንቶት› የምትለው ቃል ናት፤ ነጮች የደቡብ አፍሪካን ኮይኮዮች ይጠሩባት የነበረች ስድብ። ቤት ለሚታየው ቅጂ ግን ‹ዩ› እንዳለ ነው።