ወተት ያበዛል የሚባለው ኩኪስ ምንድን ነው?

ሲያዩት ተራ የአጃ ኩኪስ ነው። ሊጡ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች አይቀሩም፦ አጃ፣ የተፈጨ ተልባ እና የቢራ እርሾ። አንዳንዱ አብሽ ይጨምርበታል። ቅቤው፣ ስኳሩ፣ እንቁላሉና ቸኮሌቱ እንደማንኛውም ኩኪስ ነው። የሚጋገረው ለምታጠባ እናት ሲሆን፣ በየቀኑ ጥቂት ከበላች ወተቷ ይጨምራል ይባላል። ቤት ውስጥ ጋግረው ለአራስ ወዳጃቸው የሚወስዱ አሉ። ታሽጎ ከተራው ኩኪስ በውድ የሚሸጥም አለ።

ይሠራል ወይ? ወተት እንደሚጨምር የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። እንዲህ ስል ግን ኩኪሱን አትጋግሩ ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ ወተት ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጡት ገና በእርግዝና ወቅት ወተት ለማምረት ይዘጋጃል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ግን ሥራውን ይዞ ያቆየዋል። ልጁ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጡቱ ሞላ ይላል። እስከዚያ የሚወጣው እንገር ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም የአራስ ሆድም ትንሽ ነው።

ከዚህ በኋላ አዛዡ የልጁ አፍ ነው። ሲጠባ የእናቱ አንጎል ፕሮላክቲንና ኦክሲቶሲን የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ፕሮላክቲን ወተት ያስመርታል፤ ኦክሲቶሲን የተመረተውን ገፍቶ ያወርዳል። ጡት ሳይጠባ ሞልቶ ከቆየ ምርቱ ይቀዘቅዛል። በደንብ ከተጠባ ደግሞ ይፈጥናል። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ሲፈልግ ሰው «ይሄ ልጅ አይጠግብም እንዴ?» ይላል። ልጁ ግን የነገውን ወተት እያዘዘ ነው። ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ስለሚል፣ እንቅልፍ የሚነሳው የሌሊት ማጥባትም ቢሆን ዋጋ አለው።

እና አጃው የት ገባ? አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የቃጫ ዓይነት አለ። ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል የሚል ግምት ቢኖርም፣ በሚያጠቡ እናቶች ላይ በቅጡ አልተረጋገጠም። ተልባ የኦሜጋ 3 ቅባት አለው። ከኢስትሮጅን ጋር የሚመሳሰሉ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችም አሉት። የቢራ እርሾ ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች አሉት። ሁሉም ጥሩ ምግብ ናቸው። ጥሩ ምግብ መሆንና ወተት ማብዛት ግን ለየቅል ናቸው። በነገራችን ላይ፣ ቢራው ራሱ ወተት ያመጣል የሚባለው ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። አልኮል ኦክሲቶሲንን ስለሚያፍን ልጁ የሚያገኘው ወተት ይቀንሳል።

ጥናትም ተደርጓል። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጤናማ ልጆቻቸውን ጡት ብቻ የሚያጠቡ እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን ይህን ኩኪስ፣ ሌላው ተራ ኩኪስ ለአንድ ወር በየቀኑ በላ። በወተት መጠን በኩል ልዩነት አልተገኘም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ ደግሞ ወተት ይጨምራሉ የሚባሉ መድኃኒቶችንና ዕፅዋትን የፈተሹ 41 ሙከራዎችን ሰበሰበ። ስለ ዕፅዋቱና ምግቦቹ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ማስረጃው እርግጠኛ ነገር ለመናገር አያበቃም የሚል ነው።

ታዲያ «ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚሉት እናቶች ይዋሻሉ? አይዋሹም። ኩኪሱን መብላት የሚጀምሩት ወተቴ አነሰ ብለው በተጨነቁበት ሰሞን ነው። በዚያው ሰሞን ደጋግመው ያጠባሉ፣ በፓምፕ ያልባሉ፣ ሰው ያማክራሉ። ወተቱ ሲጨምር ምስጋናውን ኩኪሱ ይወስደዋል። ሌላም ነገር አለ። የምታጠባ እናት ከወትሮው በቀን ከ330 እስከ 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ቁጭ ብሎ ለመብላት ግን ጊዜ የላትም። ልጅ ታቅፋ በአንድ እጅ የምትበላው ነገር ሲቀርብላት ትበረታለች። ሕመምና ጭንቀት ወተት እንዳይወርድ ያስቸግራሉ፤ የሚያስብላት ሰው እንዳለ ማወቅ ደግሞ ዘና ያደርጋል። ለእኔ የኩኪሱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ወተቴ አነሰ ከሚሉት ብዙዎቹ ወተታቸው አላነሰም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት እንደ መጀመሪያው አይወጠርም፤ ምርቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለተስተካከለ ለስለስ ይላል። ልጅ ማታ ማታ በየደቂቃው ጡት ሊፈልግ ይችላል፤ ይሄም የተለመደ ነው። ፓምፕ የሚያወጣው መጠንም መለኪያ አይሆንም፤ ልጅ ከማሽን ይልቅ አሟጦ ይጠባል። መታየት ያለበት ዳይፐሩና ሚዛኑ ነው። ከ5ኛው ቀን ወዲያ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ እርጥብ ዳይፐር ካለ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሄደ ልጁ እየጠገበ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መክሳቱ ያለ ነው። አብዛኞቹ በ2 ሳምንት ገደማ ወደ ተወለዱበት ክብደት ይመለሳሉ።

በእውነት ያነሰ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አጎራረሱ ላይ ነው፤ ልጁ ጫፉን ብቻ ከያዘ እናቱን ያቆስላል እንጂ ወተቱን በደንብ አያገኝም። በሰዓት ገደብ ማጥባትና ቶሎ የዱቄት ወተት መደባለቅም ምርቱን ይቀንሳሉ። ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቀድሞ የተደረገ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ ለአፍንጫ መታፈን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪንም ሊኖሩበት ይችላሉ። አንዱንም ኩኪስ አያድነውም። ልጁ ለመጥባት የማይነቃ፣ ዳይፐሩ ደረቅ የሆነ እንደሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት።

አብሽ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምግብ ውስጥ ጣል የሚደረገው ጥቂት አብሽ ሌላ፣ ወተት ይጨምር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ሌላ ነው። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያስቸግር ይችላል። ነፍሰ ጡር ደግሞ በብዛት ባትወስደው ይሻላል። ከኩኪሱ ውስጥ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። የቢራ እርሾም ለድብርት ከሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ፣ መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪሟን ትጠይቅ።

አሁን ወደ ምድጃው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሁለት ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። 115 ግራም ለስላሳ ቅቤ ከ100 ግራም ስኳር ጋር ይመታል፤ አንድ እንቁላልና ተልባው ይጨመራል። በሌላ ሳህን 125 ግራም ዱቄት፣ 135 ግራም አጃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቢራ እርሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር ጨው ይደባለቃል። ሁለቱ ተቀላቅለው 100 ግራም የተከታተፈ ቸኮሌት ይገባበታል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ አለበለዚያ ኦቨን ውስጥ ይዘረጋል። በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ዳሩ ቡናማ ሲሆን ይውጣ፤ መሃሉ ለስላሳ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

የቢራ እርሾ ካልተገኘ ይቅር እንጂ በዳቦ እርሾ አይተካ። የዳቦው ሕይወት ያለው፣ ሊጥ የሚያቦካ ነው፤ የቢራው ግን የሞተና ለምግብነት የተዘጋጀ ነው። መራራ ስለሆነ ምሬቱ የተቀነሰለት ዓይነት ይመረጣል። ቸኮሌቱም እሱን ለመሸፈን ይረዳል።

ለስጦታ ከሆነ የገባበት ሁሉ ተጽፎ ሣጥኑ ላይ ይለጠፍ፤ እናትየዋ አለርጂ ወይም መድኃኒት ይኖራት ይሆናል። ካልተጋገረው ሊጥ ጥቂት ድብልብል አብሮ መስጠት ደግሞ የበለጠ ይረዳታል። ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር ይቆያል፤ በረዶው ሳይለቅ በየቀኑ የምትፈልገውን ያህል እያወጣች፣ ሁለት ደቂቃ ጨምራ መጋገር ትችላለች።