«ጠረፍ ላይ ምን መርማሪ አለ?» እና ሌሎች ስለ ሮማዊቷ ብሪታኒያ የወንጀል ልብወለዶች የሚባሉ ስህተቶች

የሮም ዘመን የወንጀል ልብወለድ ሲባል ብዙ አንባቢ ቶሎ የሚታየው ሮም ከተማ ነው። የሴኔት ሴራ፣ መርዝ ያለበት ወይን፣ ቤተ መንግሥት። እኔን የሚጥመኝ ግን ጠረፉ ነው፤ በተለይ ብሪታኒያ። ሮማውያን ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. በ43 ወረሩ። እስከ 5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም አብዛኛውን ደቡባዊ ክፍሏን ገዙ። መቼታቸው እዚያ የሆነ ልብወለዶች ዛሬ በእንግሊዝኛ እንደ ጉድ ይጻፋሉ። መርማሪው አንዳንዴ የጦር ሐኪም ነው፣ አንዳንዴ ነጻ የወጣ ባሪያ። ስለ እነዚህ መጻሕፍት ሲወራ የማይቀሩ ትችቶች አሉ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ትችቶች ከልብወለዶቹ የባሱ ፈጠራዎች ናቸው።

«በዚያ ዘመን መርማሪ የሚባል ነገር የለም»

ግማሹ እውነት ነው። ጠረፍ ላይ ፖሊስ አልነበረም። የተሰረቀ ሰው ሌባውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ከሶ፣ ማስረጃውን ራሱ ይዞ መቅረብ ነበረበት። አቤት የሚባልበት ቦታ ግን ነበር፤ እሱም ጦሩ ነው። ለምሳሌ አኒዩስ ኤኩዌስተር የሚባል የመቶ አለቃ በዛሬዋ ካርላይል ተቀምጦ የአካባቢው ኃላፊ ነበር።

ይህን የምናውቀው ከቪንዶላንዳ ነው። ቪንዶላንዳ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ የጦር ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እዚያ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ሰሌዳዎች በብዛት ተቆፍረው ወጥተዋል። አየር የማይገባው እርጥብ አፈር እንዳይበሰብሱ ጠብቋቸዋል። ከእነዚህ አንዱ አቤቱታ ነው። ጸሐፊው ስሙ አልቀረልንም፤ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ከባሕር ማዶ የመጣሁ ንጹሕ ሰው ነኝ፤ ወንጀል እንደ ሠራ ሰው ደሜ እስኪፈስ በበትር ተደበደብኩ። አዛዡ ታሞ ስለነበር ለእሱ ማመልከት አልቻልኩም። የመቶ አለቆቹ ጋ ብሄድም ሰሚ አጣሁ። ደብዳቤውን «ግርማዊነትዎ» እያለ ነው የሚጽፈው። ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን በ122 ብሪታኒያን ስለጎበኘ ለእሱ የታሰበ ሊሆን ይችላል የሚሉ ምሁራን አሉ።

እስቲ ይህን አንብቡና «ጠረፍ ላይ ለምርመራ የሚሆን ታሪክ የለም» በሉ። ማን ደበደበው? ለምን? መኮንኖቹስ ለምን ተሸፋፈኑ? አዛዡ የእውነት ታሞ ነበር ወይስ ላለማየት ተኝቶ?

«ግንቡ ሁልጊዜ ጦርነት ነበረበት»

የሮም ግዛት ሰሜናዊ ድንበር ላይ ደሴቲቱን አቋርጦ የተሠራው የሃድሪያን ግንብ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው በ122 ገደማ ተጀመረ። ጦርነት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ የአብዛኛው ቀን ሥራ ግን ወረቀት፣ ማለትም ሰሌዳ ነበር። ግንቡ ከመሠራቱ በፊት የተጻፈ አንድ የቪንዶላንዳ ቆጠራ 752 ወታደር ይመዘግባል። ሰፈሩ ውስጥ የነበሩት 296 ብቻ ናቸው። የቀሩት 456 ሌላ ቦታ ተልከዋል፤ 46ቱ የአገረ ገዢው ጠባቂዎች ሆነው። ሰፈሩ ውስጥ ከነበሩትም 31 ለሥራ ብቁ አልነበሩም፦ 15 ታመዋል፣ 6 ቆስለዋል፣ 10 ዓይናቸውን ታመዋል። ለወንጀል ደራሲ ይህ ወርቅ ነው። «ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም» የሚል ተጠርጣሪ ቢመጣ መዝገቡ አለ።

ማስክሉስ የተባለ የፈረሰኛ አለቃ ደግሞ ለአዛዡ ለማግሥቱ ትእዛዝ ይጠይቅና በዚያው፣ ወታደሮቹ ቢራ ስላለቀባቸው እንዲላክላቸው ያሳስባል።

«ሴት ገጸ ባሕርይ ለማሳመሪያ የገባች ናት»

ተራ ወታደር እስከ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን፣ ማለትም እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ፣ በሕግ ማግባት አይችልም ነበር። ሕጉ ይህን ቢልም ሴቶቹም ልጆቹም እዚያው ነበሩ። አዛዦች ደግሞ ሚስታቸውን ይዘው ነበር የሚኖሩት። እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ የሌላ አዛዥ ሚስት ክላውዲያ ሴቬራ የቪንዶላንዳው አዛዥ የኬሪያሊስ ሚስት ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለልደቷ ስትጠራት የጻፈችው ደብዳቤ ተገኝቷል። ዋናውን ጸሐፊ ነው የጻፈው። መጨረሻው ላይ ግን የእጅ ጽሑፉ ይለወጣል፤ «እህቴ፣ እጠብቅሻለሁ» የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት። በሴት እጅ ከተጻፉ የላቲን ጽሑፎች እስካሁን ከታወቁት ቀደምቶቹ አንዱ ነው።

በምሥራቁ ጫፍ፣ ሳውዝ ሺልድስ፣ የሬጊና የመቃብር ድንጋይ አለ። ሬጊና የደቡብ ብሪታኒያ ተወላጅና ባሪያ ነበረች። ባራቴስ የሚባል የሶርያ ፓልሚራ ሰው ነጻ አውጥቶ አገባት፤ በ30 ዓመቷ ሞተች። ድንጋዩ ላይ ከላቲኑ ሥር በባሏ ቋንቋ፣ የግእዝ ዘመድ በሆነው በአራማይክ፣ «ወየው» የሚል ሐዘን ተቀርጿል። በሕይወት ሳለች ምን ተሰምቷት ይሆን? ገዝቶኝ አገባኝ? ወይስ አዳነኝ? ድንጋዩ የባልን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው።

«ግንቡን የሚጠብቁት ሮማውያን ነበሩ»

የሠሩት ሌጌዎኖች፣ ማለትም የሮም ዜጎች ያሉባቸው ዋናዎቹ ክፍለ ጦሮች ናቸው። የጠበቁት ግን በአብዛኛው ከዛሬዎቹ ሆላንድ፣ ቤልጅየም፣ ስፔን፣ ሶርያ የተመለመሉ ረዳት ጦሮች ነበሩ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራቡ ጫፍ፣ በርግ ባይ ሳንድስ፣ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የሙሮች ጦር እንደነበረ በድንጋይ ጽሑፍ ተረጋግጧል።

እዚህ ላይ የኛ ሰው ጆሮውን የሚያቆምበት ታሪክ አለ። አንድ የላቲን የነገሥታት ታሪክ መጽሐፍ፣ ሴቬሩስ ከግንቡ ሲመለስ ቀልደኛ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር እንዳጋጠመው ይተርካል። ወታደሩ የሐዘን ምልክት የሆነውን የጽድ አክሊል ይዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጥፎ ገድ ነው ብሎ ደነገጠ፤ በ211ም ዮርክ ውስጥ ሞተ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ሐበሻ ግንቡ ላይ ቆሞ ነበር ብሎ ለመፎከር ግን አይበቃም። በዚያ ዘመን ግሪኮችም ሮማውያንም ስሙን ከግብፅ በስተ ደቡብ ላለ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይሰጡት ነበር። አክሱምም በሮም አልተገዛችም። በዚያ ላይ መጽሐፉ በተረት የታወቀ ነው። ለልብወለድ ግን ማን ይከለክላል?

«ደራሲዎቹ በባሪያ ላይ ያለውን ጭካኔ ያጋንናሉ»

በጭራሽ። እንዲያውም ያለዝባሉ። ልብወለድ ውስጥ መርማሪው ባሪያዋን ማድ ቤት ቁጭ አድርጎ በለሆሳስ ይጠይቃታል፤ እሷም ታምነውና ትናገራለች። በሮም ሕግ የባሪያ ቃል ፍርድ ቤት የሚቀርበው በመርህ ደረጃ ከሥቃይ በኋላ ነበር። ጌታ ቤቱ ውስጥ ከተገደለ ደግሞ በቤቱ ያሉ ባሪያዎች ሁሉ ተጠያቂ ናቸው። በ61 የሮም ከተማ ሹም ፔዳኒዩስ ሴኩንዱስ በአንድ ባሪያው ሲገደል፣ 400 ያህል የቤቱ ባሪያዎች ተገድለዋል። ሕዝቡ ተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ ሴኔቱ አልሰማም። እንግዲህ ጌታው ሞቶ ያገኘ ባሪያ ጮኾ ሰው ይጠራል? ወይስ ሬሳውን ይደብቃል? የዘመኑን ሕግ የሚያውቅ ደራሲ ግማሹን መጽሐፍ ከዚህ ጥያቄ ብቻ ሊያወጣ ይችላል።

ለንደን ውስጥ የተገኘ አንድ የሽያጭ ሰሌዳ ፎርቱናታ የተባለች ልጅ በ600 ዲናር እንደተሸጠች ይናገራል። ይህ የአንድ ሌጌዎን ወታደር የሁለት ዓመት ደሞዝ ገደማ ነው። ገዢዋ ቬጌቱስ ራሱ ባሪያ ነው። የእሱ ጌታም የንጉሠ ነገሥቱ ባሪያ ነው።

«ሬሳ መመርመር የዘመናችን ነገር ነው»

ጁሊየስ ቄሳር በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲገደል አንቲስቲዩስ የተባለ ሐኪም ሬሳውን አይቶ፣ ከ23ቱ ቁስሎች ለሞት ያበቃው ደረቱ ላይ ያረፈው ሁለተኛው ብቻ ነው ብሏል። ሐኪም ግንቡም ላይ ነበር። ሃውስስቴድስ ሰፈር በ25 ዓመቱ የሞተው የጦር ሐኪም አኒኪዩስ ኢንጌኑዩስ የመቃብር ድንጋዩ አለ። እዚያው ሰፈር አጥር ውጭ ካለ ቤት ወለል ሥር ደግሞ ሁለት አጽሞች ተገኝተዋል። ላያቸው በጭቃ ተለስኖ ነበር። የአንደኛው ጎድን አጥንት ላይ የቢላ ጫፍ ተሰክቶ ቀርቷል። በሮም ሕግ ሬሳ በመኖሪያ መሀል አይቀበርም፤ ስለዚህ የቀበራቸው ሰው የሚደብቀው ነገር ነበረው።

«እርግማንና አማልክት ጌጥ ናቸው»

ሌባሻይ ምን እንደሆነ የሰማ አንባቢ እንዲህ አይልም። ፖሊስ በሌለበት አምላክም አቤት ይባላል። በባዝ ከተማ ፍል ውኃ ውስጥ በስስ እርሳስ ብረት ላይ የተጻፉ 130 ያህል እርግማኖች ተገኝተዋል። ዶኪሜዲስ ሁለት ጓንት ተሰርቆበት ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል። ለጓንት! አኒያኑስ ደግሞ ከቦርሳው ስድስት የብር ሳንቲም ጠፍቶበታል። ሌባው ወንድ ይሁን ሴት፣ ባሪያ ይሁን ነጻ፣ አረማዊ ይሁን ክርስቲያን፣ የፍል ውኃዋ እንስት አምላክ እንድትይዝለት ጠይቆ የ18 ሰዎች ስም ዘርዝሯል። የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ይመስላል።

ዘጠነኛው ሌጌዎን ስኮትላንድ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ጠፋ የሚለውንም ተዉት። በ108 ዮርክ እንደነበረ ጽሑፍ አለ። የሌጌዎኑ ማኅተም ያለባቸው ሸክላዎች ግን ሆላንድ፣ ናይሜገን፣ ተገኝተዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ እንደጠፋ ያስባሉ። የጭጋጉ ታሪክ ግን መጻፉን አያቆምም፤ ጥሩ ከተጻፈ እኔም ገዝቼ አነበዋለሁ።