ፍሬን ከመያዙ በፊት ያለችው ሰከንድ

መኪና እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት ሲያሰላ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያለችውን ጊዜ የፍሬኑ ቀመር ውስጥ ይከታል። አትገባም! በዚያች ጊዜ መኪናው ገና አልቀነሰም።

ባሕር ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ ፊት አንድ ልጅ ዘው አለ እንበል። 36ን ለ3.6 አካፍሉት፣ በሰከንድ 10 ሜትር ነው። የሹፌሩ እግር ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ 1 ሰከንድ ከፈጀ ሚኒባሱ በሙሉ ፍጥነቱ 10 ሜትር ሄዷል። ከዚያ ፍሬኑ ሲይዝ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ከሆነ፣ ፍጥነቱን በራሱ አባዙና ለ5 ሁለት እጥፍ አካፍሉ፤ 100 ለ10፣ 10 ሜትር። ድምሩ 20።

አሁን ፍጥነቱን 72 አድርጉት። 40 ሜትር ነው እንዳትሉ! የመጀመሪያው ርቀት 20 ይሆናል፣ የፍሬኑ ግን አራት እጥፍ አድጎ 40 ይገባል። በጠቅላላ 60 ሜትር።