ጥቁርና ነጭ ፎቶ፦ ከስክሪን ወደ ወረቀት

ማለዳ ጣና ላይ የተነሳ የደንገል ታንኳ ፎቶ ስክሪን ላይ ያምራል። ጉሙ ይለያል፣ የቀዛፊው ጋቢ እጥፋት ይታያል። ታትሞ ሲወጣ ግን ጠቁሮ ቁጭ! ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ አሳትሞ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ወቀሳው ፕሪንተሩ ላይ ያርፋል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የስክሪኑ ነው።

ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። አዲስ ሞኒተር በካሬ ሜትር 250 ወይም 300 ካንዴላ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) ሊያበራ ይችላል። ለኅትመት የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ነው። በደመቀ ስክሪን የሚሠራ ሰው ሳይታወቀው ፎቶውን ያጨልመዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ብራይትነሱን መቀነስ ነው። ካሊብሬተር (ስክሪኑን ለክቶ የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ እሰየው። ከሌለ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይዞ፣ ሁለቱ ነጮች እስኪቀራረቡ ዝቅ ማድረግ ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ በመስኮት እየገባ ይህን መሞከር ግን ልፋት ብቻ ነው። መጋረጃውን ዝጉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ወረቀቱ ነው። ብዙ ሞኒተሮች ላይ ነጩ ከጥቁሩ 1000 እጥፍ ይደምቃል። ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ላይ 100 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ዘጌ ገዳማት ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን የተነሳ ፎቶ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ የነጠላው ነጭ ይተርፋል፣ ጥላ ውስጥ ያለው ግን ይዋጣል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ ፎቶሾፕና ላይትሩም በወረቀቱ አይሲሲ ፕሮፋይል (ቀለም በፕሪንተሩና በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል) የኅትመቱን መልክ አስቀድመው ያሳያሉ። ይህ ሶፍት ፕሩፍ ይባላል። ሲበራ ፎቶው ገርጥቶ ስለሚታይ ብዙዎች ደንግጠው ያጠፉታል። አታጥፉት፤ ወረቀቱ የሚሰጣችሁ እሱን ነው።

ለጥቁርና ነጭ ብቻ የሚብስ ችግርም አለ። ፕሪንተሩ ግራጫውን ከባለቀለም ቀለሞች ደባልቆ ሲሠራው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። በረንዳ ላይ ንጹሕ የነበረው ግራጫ ማታ አምፖል ሥር ሌላ መልክ ያመጣል። የራሳቸው ግራጫ ቀለሞች ያሏቸው ፕሪንተሮች ይህን በእጅጉ ይቀንሱታል። ፎቶ ቤት ስትሄዱ ጠይቁ።

ትልቁን ከማሳተም በፊት ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ የተከፋፈለ ቁራጭ ማሳተም ገንዘብ ያድናል። የትኛው ግራጫ ከጥቁሩ እንደሚለይ ያኔ ይታያል። ቀለሙ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ፎቶው በሚሰቀልበት ቦታ ይታይ። ለጨለምለም ያለ ኮሪደር የሚታተመው፣ ሐይቁን በሚያይ መስኮት ፊት ለፊት ከሚሰቀለው ትንሽ ፈካ ማለት አለበት።